የ«ክሌቨር» ዘመዶች

ሰው ሲያመሰግነኝ መጀመሪያ የምዳብሰው ኪሴን ነው። ይህ ጠባዬ ሮቤ ውስጥ የሚያውቁኝን ሁሉ ያስቃል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ እኮ እግዜር ይስጥልኝ ሲሉህም፣ ምን ሊሰጠኝ ነው ብለህ ትጠረጥራለህ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ባለፈው ሰኔ የልጅ ልጄ ካርዷን ይዛ እየዘለለች ስትመጣ፣ መነጽሬን አድርጌ መጀመሪያ ያየሁት ውጤቷን አይደለም። ከታች፣ የክፍል ኃላፊው አስተያየቱን በሚጽፍባት መስመር ላይ «ክሌቨር ስቱደንት» የሚል ሰፍሯል። «ይሄ መምህርሽ ለሌሎቹስ ምን ብሎ ጻፈ?» አልኳት። የልጅቷ ፊት ወዲያው ጠቆረ። «ጎበዝ ነሽ ማለቱ ነው እኮ አባባ» አለችኝ። ጎበዝ ማለቱ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ያችን ቃል ባየሁ ቁጥር ዘመዶቿ ሁሉ ከኋላዋ ተሰልፈው ይታዩኛል። ከዘመዶቿ አንዱ ዕድሜዬን በልቶብኛል።

በማግስቱ ካርዱን ኮፒ ላስደርግ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ማሽኑን ከፍቶ ቀለም እየሞላ ነበርና ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የዛሬው ቀለም የድሮው የስቴንስል ቀለም አይደለም፤ ያኛው ከእጅ በሳሙና የማይለቅ፣ ፈተና ባባዛንበት ሳምንት እንጀራችን ላይ ሳይቀር የሚሸት ነበር። ሆኖም ትንሽ ይቀራረባሉ። እንዲያ ቆሜ ሳለሁ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት፣ «ጋሽ ጌታሁን! ዛሬም ኮፒውን አንድ በአንድ ቆጥረው ነው የሚረከቡት?» አለችና ሳቀች። ብርሃኔ ናት፤ ጎባ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ታይፒስት የነበረችው። የፈተና ወረቀት ሲባዛ አጠገቧ ቆሜ እንደ ገንዘብ ያዥ እቆጥር ስለነበር እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም። የልጇን ልጅ ማመልከቻ ልታስጽፍ ነበር የመጣችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የነገረችኝን ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ጎባ ልመለስ፤ አለዚያ ለምን ያን ዕለት ካርዱን እዚያው ረስቼው እንደወጣሁ አይገባችሁም።

ያን ጊዜ ከተማ ማለት ጎባ ነበረች። ቢሮው እዚያ፣ ሆስፒታሉ እዚያ፣ ፍርድ ቤቱም እዚያ ነው። ሮቤ ለገበያ የምንወርድባት፣ በጋሪ ተንገጫግጨን አቧራ ለብሰን የምንመለስባት ነበረች። ዛሬ ቢሮው ተጠራርጎ ሮቤ ወርዶ፣ ባጃጁ ጋሪውን እየገፋ መንገድ ሲያስለቅቅ ሳይ፣ ጎባ ምን አጥፍታ ነው እላለሁ። እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ሱሪዬ ከጉልበት በታች ሰፋ ያለ፣ ሸሚዜ ኮሌታው እስከ ትከሻዬ የሚደርስ፣ ጸጉሬ ደግሞ በበር ሲገባ ቀድሞኝ የሚገባ ነው። ከላይ ግን ካፖርት፤ የጎባ ብርድ ለፋሽን አይመለስም። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ጆሮን ይቆርጣል። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር። ዋናው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሬዲዮዋ ዘፈን ሲጀምር ባለቤቱ ድምፁን ከፍ፣ ዜና ሲጀምር ደግሞ ዝቅ ያደርግ ነበር። ስለ ዜናው ማንም አያወራም። ጊዜው ሰው ጓደኛውን ከማማቱ በፊት ዙሪያውን የሚቃኝበት ጊዜ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ያየ ያውቀዋል።

ከድርን ያገኘሁት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የገሰራ ልጅ ነው፤ እንደኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ወገቡን የሚይዝ። እኔ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የልጅ ልጅ ነኝ፤ የእሱ አባት በየዓመቱ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዝያራ የሚሄዱ ናቸው። እማማ ዘነቡ ከተባሉ ደግ ሴት አንዲት ክፍል ተከራየን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ ድስት። ስለ ድስቱ ልንገራችሁ፤ ሥጋ አልገባበትም። እሱ የክርስቲያን እርድ አይበላ፣ እኔ የእስላም እርድ አልበላ፤ ስለዚህ ምስርና ሽሮ፣ ድንች፣ ሲሞላልን እንቁላል። ሥጋ ያማረው ሰው ዘመዱ ቤት ሄዶ በልቶ ይመጣል። እናቱ ከገሰራ ጭኮ ስትልክለት ግን፣ ገብሱ በቅቤ የራሰ፣ ሁለታችንም ከአንድ ማንኪያ እንበላ ነበር። እንዲህ ነበር ኑሯችን። ማንም አላዘዘንም፣ ተነጋግረንም አልወሰንነውም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እሱ ምስር ገዝቶ መጣ፣ በቃ።

በጋራ የገዛነው አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶጎና ወንዝ ዳር ወርደን ልብሳችንን አጥበን እስኪደርቅ ድረስ አንዲት ቃል መርጠን ዘመዶቿን እንቆጥር ነበር። ጨዋታችን ይኼ ነው። «ክሌቨር» የደረሰችን ዕለት ልብሱ ደርቆ እኛ ገና አልጨረስንም። እናትየዋ እሷ ናት አልን፤ በየትኛውም ቤት የምትገባ፣ ለተማሪም ለእጅ ባለሙያም የምትሆን። «ብራይት» የበኩር ልጅ፣ ፊቱ የሚበራ፣ ገና ምንም ያልሠራ ግን ተስፋ የተጣለበት። «ስማርት» ለባሹ፤ ብልህ ይሁን ቆንጆ የማይታወቅ። «ሻርፕ» ቶሎ የሚገባው፣ ምላሱም የሚቆርጥ። «ሽሩድ» የሮቤ ነጋዴ አጎት፤ ማንም አያታልለው፣ እሱም ሌላውን ያታልል አያታልል ያልተረጋገጠ። ከዚያ ቤቱ መጨላለም ይጀምራል። «ክራፍቲ» የሚባል መሠሪ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተንኮለኛው «ከኒንግ»፤ ሠርግ ላይ ሳይጠራ መጥቶ ከሙሽራው ጎን የሚቀመጠው። በአማርኛም እንደዚሁ አይደል? ጎበዝ፣ ብልህ፣ ብልጥ፣ ጮሌ እያልን ወርደን ወርደን ተንኮለኛ ላይ እንደርሳለን፤ የቱ ጋ ድንበሩን እንደተሻገርን ግን አናውቀውም። ከድር፣ «በእኛ በኦሮምኛ ገምና የሚባለው፣ አስተዋዩ፣ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ የሚናገረው» አለኝ። «ለሱ በእንግሊዝኛ ቃል የላቸውም፤ ሁሉም መጀመሪያ ስለሚናገሩ ይሆናል።» ከዚያ ወዲህ ዳማ ባሸነፍኩት ቁጥር፣ «አንተ ክሌቨር አይደለህም ያ ጌታሁን፣ ከኒንግ ነህ!» እያለ በኦሮምኛ አጠራሩ ጠጠሩን ይበትንብኝ ነበር።

ይህንኑ ዝርዝር ክፍል ውስጥ አስተማርኩት። ከላይ እስከ ታች ሰባት ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ቁጥርም ሰጠሁት፤ አንደኛ ክሌቨር፣ ሰባተኛ ከኒንግ። መጽሐፉ ላይ ለከኒንግ የተሰጠው ምሳሌ ቀበሮ ነበር። አንድ ከሳነቴ አፋፍ የመጣ ተማሪ ተነስቶ፣ «ቲቸር፣ የኛ ቀይ ቀበሮ ማንንም አያታልልም፤ አይጥ ነው የሚበላው፤ ከከብት ጋር አብሮ ይውላል» ብሎ ተከራከረኝ። «የእንግሊዝ ቀበሮ ነው» ብዬ አስቀመጥኩት። ደወል ተደወለ። ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው የሒሳቡ መምህር ጋሽ ተሰማ ነበር፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ካፖርቱ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው። ሰሌዳውን ሳላጠፋ በመውጣቴ ሁሌ ይቆጣኝ ነበር። ያን ቀንም ሳላጠፋ ወጣሁ።

የዚያን ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ተልኮ የሚማር አንድ መምህር ከትምህርት ቤታችን ይመረጣል ተባለ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ኮሌጅ ያስተምራል፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ይህንኑ ነበር። እጩው እኔ ሆንኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዳይሬክተሩ የመረጣቸው ሦስት ባልደረቦች ስለ እጩው ጠባይና ችሎታ በእንግሊዝኛ አስተያየት ይጽፋሉ፣ ስማቸውን አያሰፍሩም። ብርሃኔ የሦስቱንም በአንድ የጽሕፈት መኪና ትተይባለች፣ የእጅ ጽሑፉ ይቀደዳል፣ ፖስታው ታሽጎ ወደ ትምህርት ቢሮው ይሄዳል። ማን ምን እንደጻፈ እንዳይታወቅ ነው። አቤት ደንብ! ሰው እንዳይጣላ ተብሎ የወጣው ደንብ ሰውን ሁሉ ተጠርጣሪ አደረገው። ከድር አንዱ እንደሚሆን ግን ርግጠኛ ነበርኩ፤ የትምህርት ክፍሌ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

አልተመረጥኩም። ምክንያቱን ልጠይቅ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊው ፋይሌን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። አስተማሪ የሆነ ሰው ወረቀት ተገልብጦም ያነባል። አንዲት መስመር ብቻ አነበብኩ። «ክሌቨር ብቻ አይደለም፤ ከኒንግ ነው» ትላለች። ጸሐፊው ፋይሉን ዘጋው። እኔም ሌላ ነገር ተዘጋብኝ። ያች ዐረፍተ ነገር የማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልገኝም ነበር፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከዳማ ጠጠር ጋር ስትወረወርብኝ የኖረች ናት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላሉ። እኔ ግን መጠርጠር እንኳ አላስፈለገኝም፤ አወቅኩ ብዬ ነበር። የዚያኑ ሳምንት የራሴን ድስት ገዛሁ። ከድር አየው። በሁለተኛው ሳምንት አልጋዬን ተሸክሜ ወጣሁ። «ጌታሁን፣ ምን ሆንክ?» አለኝ በር ላይ። «ምንም» አልኩት። ከዚያ በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ እሱ ሲገባ እኔ እወጣ ነበር። በዓመቱ ወደ ገሰራ ተዛውሮ ሄደ። አርባ ዓመት አለፈ፤ አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ምስጋና ሲመጣ ኪሴን መዳበስ ነው። ልጄ ሠርግ ላይ የተጻፉትን የመልካም ምኞት ካርዶች ምን ሊሉ ፈልገው ነው እያልኩ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ። ዳይሬክተር ልትሆን ነው ሲሉኝ ማን ሊያስወግደኝ ፈልጎ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይቀናኝ ነበር። የጠረጠረውስ? የሚል ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። ብርሃኔ ካርዱን ከእጄ ወስዳ አየችና ሳቋ መጣ። «ክሌቨር! ጋሽ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እርስዎን ሲያመሰግን የሠራውን ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ያ የአዲስ አበባው ጊዜ እርሱም አስተያየት ጸሐፊ ነበር አይደል? ወረቀቱን ይዞ መጣና እዚያው ቆሞ አስተየበኝ። ከኒንግ የሚለውን ባላውቀው ምን ማለት ነው አልኩት። ‹ከክሌቨር በጣም ይበልጣል፤ ጌታሁን ራሱ ሰሌዳ ላይ በቁጥር ደርድሮታል፤ ክሌቨር አንደኛ፣ ይሄ ሰባተኛ ነው› አለኝ። ሰባት እጥፍ ክሌቨር ነው ማለቱ እኮ ነው! ከስሩም አስምሪበት አለኝ፣ አሰመርኩበት። እኔ እንኳ ቃሉን የተረዳሁት ልጄ ኮሌጅ ገብታ ስትነግረኝ ነው። ያን ለታ እንዴት እንደሳቅኩ!» አሁንም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጋሽ ተሰማን በዓይኔ አየሁት፤ ጠመኔ በነካው ካፖርቱ ሰሌዳዬ ፊት ቆሞ፣ ለእኔ የሚገባኝን ትልቁን ቁጥር ሲፈልግ። «ከድርስ?» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የገሰራው ከድር? እሱማ አጭር ናት የጻፈው። አንዲት መስመር ነበረች፤ ‹ሰው እምነት የሚጥልበት መምህር ነው፣ እኔም ቤቴን አጋርቼዋለሁ› የምትል። ይቺ ብቻ ናት ወይ ብዬው፣ ይበቃል አለኝ።»

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ብርሃኔን ነው፤ ምን ልደብቃችሁ። ማን ልኳት ነው? ከአርባ ዓመት በኋላ እንዴት ቃል በቃል ታስታውሳለች? ሁለት ሌሊት ስገለባበጥ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ግን የማይነቃነቅ ነገር አገኘሁ። ቢሮ ውስጥ ያየኋት «ከኒንግ» የምትለው ቃል ከስሯ ተሰምሮባት ነበር። ያን ጊዜ ለክፋት የተሰመረ መስሎኝ ነበር። ይህን ደግሞ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬአት አላውቅም፤ ብርሃኔ ከየት ታመጣዋለች? በማግስቱ ማልጄ ገሰራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግራና ቀኝ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነበር። ሹፌሩ ደጋግሞ በመስታወት የሚያየኝ መሰለኝ፤ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ቤቱን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ መምህር ከድርን የማያውቅ የለም። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ጺሙ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ያ ጌታሁን?» አለ። «ኮቱ። ና፣ ታኢ፣ ተቀመጥ።» ሐሊማ የምትባል ልጁ፣ እሷም አስተማሪ ናት፣ ሻይ አመጣችልኝና በሩን ተደግፋ ቆመች። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፋይሉን፣ መስመሯን፣ ጋሽ ተሰማን፣ የብርሃኔን ወሬ። አላቋረጠኝም። ሙስበሃው ብቻ በጣቶቹ መሐል ቆመ።

«እኔ ሃይማኖቴ የከበደህ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ድስት ለይተህ ስትገዛ፣ አንድ ሰው ከእስላም ጋር ምን ትበላለህ ብሎት ነው አልኩ። ወላሂ፣ ሌላ ምንም ሊመጣልኝ አልቻለም። ለልጆቼም እንዲያ ነው የነገርኳቸው። ጎረቤት ሁኑ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ቤት ግን አትጋሩ፤ አንድ ቀን ድስታቸውን ይለያሉ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።»

ሐሊማ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «ለምን አልጠየቁትም?»

ሰው በዚህ ዕድሜው ሊዋሽ ይችላል፤ እኔም ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ጊዜው ከባድ ነበር ልላት፣ ፈራሁ ልላት። ግን አባቷ እያየኝ ነው። «ብጠይቀውና ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ» አልኳት፣ «ላጣሁት ዕድል የማላክክበት ሰው አይኖረኝም ነበር። እሱ ከዳኝ ማለት፣ አልበቃሁም ከማለት ይቀላል።» ይህን ከዚያ ቀን በፊት ለራሴም ተናግሬው አላውቅም። ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

ከድር ሙስበሃውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አቅፎ ይቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ እንደሆነ እንጃ። «አሁን ሂድ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበር። «ንዴቱ ገና አሁን መጣ። ድሮ አዝኜ ነበር፣ ተናድጄ አላውቅም። ልጆቼን ሳስብ አሁን በጣም ነው የተናደድኩት። በንዴት አላናግርህም። ሲበርድልኝ እደውልልሃለሁ።» ሐሊማ ቁጥሬን ስልኳ ላይ መዘገበች፤ አባቷም በደብተሩ እንድትጽፍለት አደረጋት። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘኝ። አልተጨባበጥንም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አልደወለም። ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ አነሳለሁ፤ የልጅ ልጄ ናት፣ ወይም የተሳሳተ ሰው ነው። ኔትወርክ ይሆን እላለሁ። ሐሊማ ቁጥሩን አጥፍታበት ይሆን እላለሁ። ሊሸኘኝ ብሎ የተናገረው ይሆን እላለሁ። ትናንት እንዲህ ስል የልጅ ልጄ ሰማችኝና፣ «አባባ፣ እደውላለሁ ብሎ የለ?» አለችኝ። ብሏል። ከድር እደውላለሁ ካለ ይደውላል።